እሑድ እሑድ፣ እንግሊዝኛ በስልክ

ከደሴ የወጣሁ ምሽት ባሌ ጌታቸው የተማሪዎቹን የእንግሊዝኛ ፈተና ያርም ነበር። በወንድሜ ጉዳይ ፖሊስ እኔንም መፈለግ ስለ ጀመረ መቆየት አልቻልኩም። ቦርሳዬን አንግቼ በሩ ላይ ቆሜ ሳለ፣ "ስትደርሺ ደውዪ" አለኝ ቀና ሳይል። ቀና ቢል እንደምቀር ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሱዳንን፣ በረሃውንና ባሕሩን አልዘረዝርም፤ ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበትም ባያውቀው ይሻላል።

ኦስሎ፣ ፕሪንስዳል ውስጥ ምድር ቤት ተከራየሁ። አከራዬ ሽንኩርት ሳቁላላ ወርደው መስኮቴን ይከፍታሉ። እሳቸው ዓሣ ሲቀቅሉ ግን የሚከፈት መስኮት የለም።

ጌታቸውን ለማምጣት ቋሚ ሥራ ያስፈልገኝ ነበር። አረጋውያንን የሚንከባከብ ረዳት ነርስ ለመሆን ደግሞ የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ ግድ ሆነ። ኮሙኑ በሚሉት ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ጉዳዬን የያዘችውን ሴት ጠየቅኋት።

"ሽማግሌዎቹ እንግሊዝኛ ነው የሚያወሩት?"

"ነይ" አለች።

በኖርዌይኛ "አይደለም" ማለት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ይህን ባለማወቄ፣ "ነይ" ባሉኝ ቁጥር ወደ ጠረጴዛቸው እየተጠጋሁ አስቸግሬያለሁ።

"ታዲያ እንግሊዝኛው ለምንድን ነው?"

"ደንብ ነው።"

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የስልክ ካርድ እየፋቅኩ ጌታቸው ጋ እደውላለሁ። ድሮ ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ወሬ ያልቅብን ነበር፤ ሰዋስው ሲመጣ ግን ካርዱ አልበቃ አለ። ቃሉን ለብቻው አትዪው፣ ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ እዪ ይለኛል። ፋስት የሚለው ቃል በጣም አስቸገረኝ።

"ጾሙ ስም ነው፣ ስትጾሚ ግስ ነው" አለኝ። "ፈጣን ባቡር ስትዪ ቅጽል፣ በፍጥነት ሄደ ስትዪ ተውሳከ ግስ።"

ሁዳዴ ነበር። በባዶ ሆዴ ወደ ጽዳት ሥራ በሚወስደኝ ባቡር ላይ ሆኜ አራቱንም ደጋገምኳቸው።

ሰኔ ላይ ፈተናውን አለፍኩ። ስደውልለት የመጡትን ጥያቄዎች ሁሉ አስነገረኝ፤ አንዱን መልሴን አረመ። ድምፁ ደስ ያለው ነበር።

"እንግዲህ ትመጣለህ" አልኩት።

"እዚያ ምን አስተምራለሁ?" አለኝ።

ልዋሸው አልፈለግሁም። እዚህ ልጆቹ ሳይቀሩ እንግሊዝኛ እንደሚያወሩ፣ የማውቃቸው የሀገራችን መምህራን አልናብሩ በሚባል ሰፈር ካሉት መጋዘኖች ዕቃ እንደሚጭኑ ነገርኩት።

"ክረምቱ ይውጣና እንነጋገራለን" አለ።

የማን ክረምት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። የእሱ ዝናብ ሲወጣ የእኔ በረዶ ይገባል።