የወጌሻ ሞረዳ ጭን

ነቀምቴ ውስጥ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሁለት መሄጃ ነበረው፤ አንዱ የሚሲዮኑ ሐኪም ቤት፣ ሌላው ወጌሻው ኦቦ ሞረዳ። ኦቦ ሞረዳ ደግሞ መሄጃው አንድ ብቻ እንዲሆን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደክሟል። ሰው ከበቅሎ ወድቆ፣ ከዛፍ ተንሸራቶ፣ ወይም በሚስቱ ተገፍትሮ ሲመጣለት፣ ቅቤውን በመዳፉ እያሟሟ፣ የቀርከሃ ስንጥሩን እየደረደረ፣ ከሥራው በፊት አንድ ስብከት አይቀረውም። «አጥንት ብረት አይወድም። እነዚያ ፈረንጆች ጭንህን እንደ ጋሪ በቡሎን ሊያስሩት ነው። ብረት ለማረሻ ነው፣ ልጄ» ይላል። ታካሚው ቀድሞ ስለሚጮህ የስብከቱን መጨረሻ የሰማ የለም።

እውነቱን ለመናገር እጁ የተባረከ ነበር። የወለቀ ትከሻ ሲመልስ ሰውየው «ቀስ» ብሎ ሳይጨርስ ሥራው አልቋል። ይህን ማንም አይክድም፤ እሱማ ጭራሽ።

በ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. ግን የገዛ ቀኝ ጭኑ ከጉልበቱ ከፍ ብሎ ማበጥ ጀመረ። ቅቤ ቀባው፣ አሸው፣ ባሰበት። ሚስቱ በቀለች «ሐኪም ቤት ሂድ» ብትለው፣ «ሄጄ ምን ልሁን? ስሰድባቸው በኖርኩ ሰዎች ደጅ ተራ ልጠብቅ?» አላት። አንድ ሰኞ ከደጃፉ ደረጃ ሲወርድ ጭኑ ቀጭ አለ። አልወደቀም እኮ፤ መውረድ ብቻ ነው የወረደው። ራሱ ስንጥር ደርድሮ አሰረው፤ ስድስት ሳምንት ጠበቀ፤ አጥንቱ አልገጥም አለ። ሌላ ሰው ቢሆን «አርፈህ አልተኛህም» ብሎ ያሳብብበት ነበር። በራሱ ላይ የሚያሳብበው ነገር አጣ።

በቀለች የባሏን ዕብሪት ለሠላሳ ዓመት ችላ ኖራለች፤ ያን ዕለት ግን በቃት። የአክስቷን ልጅ፣ የሚሲዮኑን ድሬሰር፣ የሐኪሙን ረዳት ገቢሳን በጓሮ በር አስገባችው። ሞረዳን በቃሬዛ አስተኝተው፣ ሰው እንዳያየው ፊቱን ሳይቀር በጋቢ ሸፍነው ወሰዱት። መንገደኛው አስከሬን መስሎት ባርኔጣውን አነሳ፤ ሟቹ ከጋቢው ሥር ያስላል።

ፈረንጁ ሐኪም ራጁን አየና በገቢሳ አፍ ነገረው። አጥንቱ ውስጥ ነቀርሳ ገብቷል፤ ቦርቡሮ ባዶ አድርጎታል፤ አዲስ አበባ ሄዶ ኦፕራሲዮን ካልተደረገ እግሩ ይቆረጣል፤ ከዚያም ከዘገየ ነፍሱም አትተርፍም። ሞረዳ ፈራ። ከመሞቱ ይልቅ የፈራው መታየቱን ነው።

ለአገሩ ሰው «ለመሬት ክርክር ይግባኝ ሊሄድ ነው» ተባለ። ያን ጊዜ ወለጋ ውስጥ አንድ ሰው ይግባኝ ሄደ ከተባለ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ በጥቁር ጠጉሩ ሄዶ በሽበት ቢመለስ እንኳ ቀናው ይባላል። ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተይዞ አውቶቡስ ላይ ሲጫን አይተው፣ «ወንድ ማለት እንዲህ ነው፤ በተሰበረ እግሩ ችሎት ሊቆም!» ብለው መረቁት።

አዲስ አበባ ላይ ሐኪሞቹ ጭኑን ከፍተው ነቀርሳውን ፋቁለት። ባዶውን ቦታ እንደ ሊጥ ተቦክቶ ወዲያው ድንጋይ በሚሆን ነገር ሞሉት፤ በአጥንቱ ውስጥም ከዳሌው እስከ ጉልበቱ የማይዝግ የብረት ዘንግ ሰደዱበት። አጥንት ብረት አይወድም ሲል የኖረው ሰው በአራተኛው ሳምንት በብረቱ ላይ ቆመ። የሐኪሙን እጅ ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሐኪሙ የሞረዳን ሙያ አያውቅምና ምስጋና ብቻ መሰለው።

ከአራት ወር በኋላ ነቀምቴ ላይ ከአውቶቡስ በሁለት እግሩ ወረደ። ሕዝቡ መጀመሪያ የገረመው ይግባኝ በአራት ወር ማለቁ ነው። ቀጥሎ እግሩን አየ። «ኦቦ ሞረዳ፣ ማን አዳነዎት?» አሉት። ሞረዳ ወዲያ ወዲህ አየና፣ «ማን ያድነኛል?» አለ። ውሸት አልተናገረም፤ ጥያቄውን በጥያቄ መለሰ እንጂ። የቀረውን ሕዝቡ ጨረሰለት። በዳኛ ፊት እየተከራከረ በአንድ እጁ ጭኑን ያሽ ነበር አሉ። ጠባሳውን ሲያዩበት ግን አፍ አውጥቶ ዋሸ፤ «መኪና ገጭቶኝ ነው» አላቸው።

ወሬው እስከ ጊዳ አያና ደረሰ። ድሮ የተሰበረ ብቻ ይመጣለት ነበር፤ አሁን ያበጠ ሁሉ እየመጣ ደጁን አጣበበው። ሞረዳም አሸ፣ አሰረ፣ ምርቃት ተቀበለ። በቀለች «ኧረ ንገራቸው፣ ነውር ነው» ስትለው፣ «እነግራቸዋለሁ፣ ይህ ሳምንት ይለፍ» ይላታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳምንቱ አላለፈም።

በ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. ዋጋሪ የሚባል የጉቴ ገበሬ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጁን ድርቤን በበቅሎ ይዞ መጣ። ጉልበቷ አብጧል። ሞረዳ ቅቤውን አሟሙቶ እጁን አሳረፈ፤ ጣቶቹም እዚያው ቀሩ። ያው ሙቀት፣ ያው ጥንካሬ፣ የራሱ ጭን ላይ የነበረው። ልጅቷ ፈገግ ብላ ታየዋለች።

«ሐኪም ቤት ውሰዳት» አለ።

ዋጋሪ ቆቡን አወለቀ። «ኦቦ ሞረዳ፣ ድሃ ስለሆንን ነው? ለራስዎ ያደረጉትን ልጄን ይነፍጓታል?»

ተራ የሚጠብቁት ሰዎች አጉረመረሙ። ሞረዳ ሱሪውን ሰብስቦ ጭኑን አሳያቸው። «እኔንም ያዳኑኝ ሐኪሞች ናቸው። እዚህ ውስጥ ብረት አለ» አለ። ይህን ለመናገር ሁለት ዓመት ፈርቷል፤ ሲናገረው ግን የሚያምነው ጠፋ። «እሱማ የመኪናው ጠባሳ ነው፣ አንተው ነግረኸናል» አለ አንዱ ሽማግሌ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ «አቤት ትሕትና!» ብላ እንባዋን ጠረገች።

ተነሣና ልጅቷን በቅሎዋ ላይ አስቀምጦ ልጓሙን ያዘ። በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያው መሐል፣ ሲሰድበው ወደኖረው ሐኪም ቤት በቅሎዋን እየሳበ በዋናው በር ገባ። ዋጋሪ ግራ እንደገባው ይከተላል። ገቢሳ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አዲስ አበባ ተነሥቶ የተላከላቸውን የሞረዳን ራጅ ከመሳቢያ አወጣ፤ ፈረንጁም መብራቱ ፊት አንጠለጠለው። በጭኑ አጥንት ውስጥ ዘንጉ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ድርቤ ራጅ ተነሣች። ሐኪሙም ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም፤ ገና ሳይሰፋ ስለመጣች ግን ነገ አዲስ አበባ ከሄደች እግሯን ማትረፍ ይቻላል አለ።

ሞረዳ ከደረቱ ድንጋይ የወረደለት መሰለው። አመሉ አይለቀው፣ ዋጋሪን ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «አየህ፣ በደህና ጊዜ አደረስኩልህ» አለ።

ዋጋሪ ዓይኑን ከራጁ አልነቀለም።

«ይህ ብረት ከገባልዎ ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ሁለት ዓመት ከመንፈቅ።»

«እንግዲያ ወንድሜን ባቻን አምና ሚያዝያ ባመጣሁልዎ ጊዜ ነበረዎት ማለት ነው። ያ ክንዱ ያበጠው። ሦስት ወር አሹት።»

ሞረዳ ባቻን አስታወሰው፤ ክንዱ ላይ የነበረውን ያንኑ ሙቀት ሳይቀር።

«በሐምሌ ስንቀብረው ለቅሶ መጥተው ነበር» አለ ዋጋሪ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። «‹ዘግይታችሁ አመጣችሁት› አሉኝ። ራሴን ስረግም ከረምኩ። ይቺን ቶሎ ይዤልዎ የመጣሁት ለዚያ ነው።»