የአስተርጓሚው ቃል

ሶዶ ላይ ዳኛ ሳለሁ ያንን የፍርድ ቤት አስተርጓሚ አንድ ቀን እንኳ አላረምኩትም። ወላይትኛ የእናቴ ቋንቋ ነው፤ የገበሬውን ቃል ለባለመሬቱ አድልቶ ሲያጣምመው በጆሮዬ እሰማለሁ። ግን መዝገብ የሚገባው አማርኛው ብቻ ነው እያልኩ እፈርድ ነበር።

በኋላ የመንግሥት ሥራ ለቅቄ ጥብቅና ጀመርኩ። የመጀመሪያው ደንበኛዬ ከበዴሳ የመጣ ጭሰኛ ነበር። በወላይትኛ “መሬቱን አልለቅም” ሲል ያ ከሃዲ አስተርጓሚ “እለቃለሁ ብሏል” ብሎ ተረጎመ።

ዘልዬ ተነሣሁ። “ይሄ ሌባ ቃሉን ገለበጠው! የሰውዬው ልጆች ሜዳ ላይ ሊወድቁ ነው!” ብዬ ጮኽኩ።

በእኔ ወንበር የተተካው ዳኛ የቀድሞ ጸሐፊዬ ነው፤ ያኔ የፈረድኩትን ሁሉ በእጁ የጻፈ። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣

“ጌታዬ፣ ወላይትኛ የተማሩት መቼ ነው?” አለኝ።