ረግረጉን ባዶ ላለው ሃያሲ

ሃያሲውን በአካል አላውቀውም። በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ጥግ ላይ ስለ ኮምፒውተር ጌም ሲጽፍ አነበው ነበር። አንድ ሳምንት ግን አንጀቴን አሳረረው።

ሰበታ ውስጥ በአንዲት የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ተቀጥሬ ማመልከቻ እተይባለሁ። ዋና ከተማዋን ወደ ገበሬው ማሳ ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ተቃውሞ የተጋጋለበት ወቅት ነው፤ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ኢንተርኔት የለም፣ ባለጉዳይም የለም። የብረት መዝጊያውን እስከ ግማሽ ዝቅ አድርጌ ቀኑን ሙሉ የጥንት መንግሥት የሚመሠረትበትን ጌም እጫወት ነበር። ዳገትም ይሁን ረግረግ፣ በዕጣ ቁራሽ መሬት ይሰጥሻል፤ አርሰሽ፣ ከተማ ቆርቁረሽ፣ ሠራዊት አደራጅተሽ ጎረቤቶችሽን ታስገብሪያለሽ። ሃያሲው ይህንኑ ጌም ካሞገሰ በኋላ፣ «ረግረጉ የደረሰው ተጫዋች ጊዜውን አያባክን፤ ባዶ መሬት ነው፤ አጥፍቶ እንደገና ይጀምር» ብሎ ጻፈ።

ባዶ መሬት! እኔ የተፍኪ ገበሬ ልጅ ነኝ። ያሳደገኝ ክረምቱን ሙሉ ውሃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ ማሳችን በማናውቀው ሰው ካርታ ላይ ባዶ ተብሎ ይሆን እያልን እንቅልፍ አጥተን ነበር። ከረግረጉ ተነስቼ ላሸንፍ፣ ሰውዬውንም ያለውን በገዛ እጁ ላሰርዘው ማልኩ።

አምስቴ ተሸነፍኩ። በዝናብ ስዘራ ዘሩ በሰበሰ፤ ቦይ ሳስቆፍር ወታደር አጣሁና ጎረቤት ወረረኝ። ሃያሲው እውነቱን ይሆን እንዴ ማለት ጀመርኩ። ከሽንፈቱ ይልቅ ያናደደኝ ይሄ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አባቴ ከች አሉ። ስልክ አልሠራ ስላለ ደኅንነቴን ሊያዩ ከተፍኪ በእግራቸው ነው የመጡት። ውሃ ጠጥተው አረፍ እንዳሉ ስክሪኑን አዩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ኩን ማሊ? ልጄ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

አስረዳኋቸው። ሥራ ፈት ብለው ይቆጡኛል ስል ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ተጠጉ።

«በዝናብ ነው እንዴ የምትዘሪው?»

«አዎ አባዬ፣ ሁሉም ያኔ ነው የሚዘራው።»

«ሁሉም ዳገት ላይ ነዋ! አንቺን ማን አሳደገሽ? ውሃው ሳይሸሽ ማን ዘር ያወጣል? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ተዪው፣ ይተኛበት። ሲጎድል እርጥበቱ ላይ ሽምብራ ጣይበት።»

አፈርኩ። በየዓመቱ ሲያደርጉት እያየሁ ያደግኩትን ነገር ነው የነገሩኝ። እንዳሉኝ ክረምቱን ምንም ሳልዘራ ቆየሁ፤ ቆፋሪዎቼን ወታደር አደረግኳቸው። ውሃው በዙሪያዬ ተኝቶ ስለነበር የጎረቤት ጦርም ሊሻገር አልቻለም። ውሃው ሲሸሽ ዘራሁ። ጌሙ ሽምብራ ስለማያውቅ አተር ነው የዘራሁት። በበጋ የሌሎቹ ጎተራ ሲራቆት የእኔ ሞላ፤ በእሱ ሠራዊቴን እየቀለብኩ ዘመትኩባቸው። አባቴ «ቆዪ! አሁን!» እያሉ ያዙኛል፣ እኔ እታዘዛለሁ። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ንጉሥ ገበረልኝ። እልልታዬን ሳቀልጠው አባቴ ደንግጠው አፌን በእጃቸው ከደኑ፤ ውጭ መንገዱ ላይ የእውነት ወታደር ነበር። እሳቸው ግን ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቁ ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ለጋዜጣው ደብዳቤ ላክሁ፤ የአባቴን ምክር አንድ በአንድ ጻፍኩት። ከሳምንታት በኋላ ሙሉው ታተመ። ከሥሩ ሃያሲው እንዲህ ይላል፦ «እንዳለችው አድርጌ አሸነፍኩ። ባዶ መሬት ያልኩትን አንስቻለሁ።»

ጋዜጣውን ይዤ ተፍኪ ወረድኩ። ማንበብ ለማይሆንላቸው አባቴ አነበብኩላቸው። «አንስቻለሁ» የምትለዋን ሦስቴ አስደገሙኝ። የማሳችን ነገር ገና አልለየለትም፤ ቢሆንም አባቴ ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው አስቀመጡና ጋዜጣውን ከፍ አድርገው፣ «አንድ የተማረ ሰው መሬታችን ባዶ ነው ብሎ ጽፎ ነበር፤ ልጄ ረታችው!» አሉ።

ሰውዬው ያለው የጌሙን መሬት ነው ብዬ ላርማቸው ነበር። ጎረቤቶቻችን እጄን ሊጨብጡኝ ሲነሱ ሳይ ግን ተውኩት፤ እኔም ቀና ብዬ አንድ በአንድ ጨበጥኳቸው።