ጋሼ ሰይፈሥላሴ ባሉበት የተሰጠ መልስ

ገነቴ ሰው እየጠየቀች የምትኖር ሴት ናት። ሥራዋ መረጃ ሰብሳቢነት ይባላል። ታብሌቷን በላስቲክ ጠቅልላ፣ የቦቲዋን ጭቃ በየደጁ ድንጋይ እየፋቀች፣ አንድ ቀን ሆሳዕና ሌላ ቀን ሞርሲቶ ትውላለች፤ ስለ ክትባት፣ ስለ ውኃ፣ ስለ መንገድ የሰው ሐሳብ ትሰበስባለች። ግቢዋ ውስጥ ተከራይቼ ስኖር ከሥራዋ ይልቅ የሚያስገርመኝ ጥርጣሬዋ ነበር። ሬዲዮው «አብዛኛው ነዋሪ ደግፎታል» ሲል እኛ ራሳችንን እንነቀንቃለን። እሷ ወጥ እያማሰለች ሬዲዮውን ትሞግተዋለች። አብዛኛው ከስንቱ? ማን መረጣቸው? ጥያቄው ምን ተብሎ፣ በየትኛው ቋንቋ ቀረበላቸው? ሲመልሱስ አጠገባቸው ማን ቆሞ ነበር? የመጨረሻውን ስትጠይቅ ድምፅዋ ዝቅ ይላል።

ጥናት በመጣ ቁጥር ቀበሌው መንገድ መሪ ይመድባል፤ ቤቱን የሚያሳይ፣ ውሻውን የሚያስታግስ ሰው ነው። የገነቴ ደንብ መንገድ መሪውን ከደጅ ማስቀረት ነበር። ሰው ለብቻው ሲሆን የሚናገረውና ቀበሌ ቆሞ ሲሰማው የሚናገረው ለየቅል ነው ትላለች።

በዚያ ክረምት የተመደቡላት ጋሼ ሰይፈሥላሴ ሆኑ። የከተማችንን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩ ጡረተኛ መምህር፣ አሁን የቀበሌው የልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ጥያቄው ከመናኸሪያው ጀርባ ስላሉት ሱቆች ነበር። ለከተማው ዕድገት ሲባል ሱቆቹ ቢፈርሱና ባለሱቆቹ ወደ ከተማው ዳር ቢዛወሩ ይስማማሉ? ገነቴ «ጋሼ፣ ውጭ ይቆዩልኝ» የሚለው ምላሷ ላይ መጣና ዋጠችው። ዝናብ ይጥል ነበር። አስተማሪዋን፣ ያውም ሽማግሌ ሰው፣ እንዴት ዝናብ ላይ ታቁም?

ገነቴ በኋላ እንደነገረችኝ፣ መጀመሪያ እትዬ ትርፊት ሱቅ ገቡ። እትዬ ትርፊት ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ለመንገደኛ ጀሪካን፣ ገመድና የላስቲክ ጫማ እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። ከመናኸሪያው ከራቁ መንገደኛ የለም፤ መንገደኛ ከሌለ እንጀራ የለም። ጋሼን ሲያዩ ብድግ አሉ፤ በርጩማቸውን በነጠላቸው ጠርገው አስቀመጧቸው። ገነቴ ጥያቄውን አነበበች። እትዬ ትርፊት ያዩት ወደ እሷ ሳይሆን ወደ በርጩማው ነበር።

«ለከተማው ከሆነማ ምን እላለሁ። እስማማለሁ።»

ጋሼ መረቋቸው። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝም እሱ ነው። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ጁነዲን ደግሞ ቀለደ፦ «ድሮም እንቢ ብልዎት ያንበረክኩኝ ነበር፣ ጋሼ።» ተሳሳቁ። እሱም ተስማማ። እንዲህ እየተሳሳቀና እየተመራረቀ ረድፉ በሙሉ አለቀ።

ገነቴ መልሶቹ እንዲጣሉና ሌላ ሰው እንደገና እንዲጠይቅ አለቃዋን ለመነችው። የሚፈለገው ቁጥር ሞልቷል፣ ጊዜውም አልቋል አላት።

ውጤቱ በቀበሌው አዳራሽ ሲነበብ አብሬያት ሄድኩ፤ ከእትዬ ትርፊት ጎን ተቀመጥኩ። ከአሥር ሰው ዘጠኙ ተስማምቷል ተባለ። ያኔ ባለሱቆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጁነዲን እትዬ ትርፊትን፣ እሳቸውም እሱን፤ ለካ አንተም የተስማማኸው ከልብህ ነው፣ ለካ እርስዎም በሚል ዓይን። ያልሆነውን የተናገርኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ ሌላው ከልቡ ነው ብሎ እያንዳንዱ አንገቱን ደፋ። አንድ ቁጥር ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ብቸኛ ሊያደርግ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ገነቴ ተነሣች።

«ይህ መልስ የእነሱ አይደለም» አለች። «ሲመልሱ ጋሼ አጠገባቸው ነበሩ። ያስገባኋቸውም እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ለየብቻቸው ይጠይቃቸው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጋሼ ሰይፈሥላሴ በዝግታ ተነሡ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ጎበዝ ተማሪ ጥያቄ ያነሣችባቸው መምህር ይመስሉ ነበር።

«ልጄ መጠራጠሯ ጥሩ ነው» አሉ። «ሌላ ቀን ምን ያስፈልጋል፣ ሁሉም እዚሁ አለ። እኔን ፈርቶ የመለሰ እጁን ያውጣ።»

በረድፎቹ ላይ ዓይናቸውን አሳለፉ፤ ሁሉንም በስም ያውቃሉ። ጁነዲን ጫማውን ያይ ነበር። ከጎኔ የእትዬ ትርፊት ነጠላ ከውስጥ በኩል ትንሽ ከፍ አለና ተመልሶ ረጋ። ማንም እጁን አላወጣም። ስብሰባውን የሚመራው ሰው ለቃለ ጉባኤ ጸሐፊው «በሙሉ ድምፅ ብለህ ያዝ» አለው። ገነቴ እንደቆመች ቀረች። ከአሥር ዘጠኝ የነበረው በጥያቄዋ ምክንያት አሥር ከአሥር ሆነ።

በማግሥቱ ቀለም ቀቢ የሚፈርሱትን ሱቆች የሚለይ ቀይ ምልክት በየበሩ ሊያደርግ መጣ። እኔና ገነቴ ከማዶ ቆመን ነበር፤ እሷ ልትሻገር ትልና ትመለሳለች። ቀቢው ሥነ ሥርዓት ያለው ሰው ነው፤ እትዬ ትርፊት በር ላይ ሲደርስ ብሩሹን ዝቅ አደረገ።

«ይፈቅዱልኛል፣ እትዬ?»

«ቀባ፣ ልጄ» አሉት፤ እንዲመቸውም በሩን ገጠም አድርገው ያዙለት።