የጎሚስታው ጭንብል የት ጋ ያፈሳል?

ጎሚስታው ሊፈታው የተነሣው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ሌሊት ስምንት ሰዓት ሙሉ የተኛ ሰው፣ ረፋድ ላይ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ለምን ያንቀላፋል?

ሃያ ስድስት ዓመት ጎማ ሲጠግን ኖሯል። ማንኮራፋቱን የሰሙ የከባድ መኪና ሾፌሮች «ባቡሩ» የሚል ስም አውጥተውለት፣ እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር። አንድ ቀን ግን የአየሩን ቱቦ ከከባድ መኪና ጎማ ጋር አገናኝቶ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደው። ጎማው ከልኩ አልፎ ሲወጠር ያየ ታናሽ ወንድሙ ሮጦ ኮምፕሬሰሩን ባያጠፋው ኖሮ፣ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር።

ሱቁ የሁለቱ ወንድማማቾች ነው። ታናሽየው ቱቦውን ጠቅልሎ ያዘ።

«ወንድም ጋሼ፣ ከእንግዲህ ይህን አትነካም። መልጠፍ ትችላለህ፤ ጎማ መንፋት ግን እስክትነቃ ድረስ ቀርቷል።»

«ይኸው ነቅቼ የለም እንዴ?»

«ዓይንህ ነቅቷል። አንተ ገና ነህ።»

ቱቦውን የተነጠቀ ጎሚስታ ምን ቀረው? ሐኪም ቤት ሄደ። ሲመረመር፣ በእንቅልፍ ልቡ በሰዓት አርባ አንድ ጊዜ ትንፋሹ እንደሚቋረጥ ታወቀ። ነገሩ እንዲህ ነው። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል። በአንዳንድ ሰው ላይ ታዲያ ከመላላት አልፎ መተንፈሻውን ይዘጋዋል። አንጎል ደንግጦ ይቀሰቅሰዋል፤ ሰውየው ተንፍሶ ወዲያው መልሶ ይተኛል፤ ሲነጋ አንዱንም አያስታውስም። ስምንት ሰዓት ተኛ የተባለው ሰው ሲቀሰቀስ ነው ያደረው!

የታዘዘለት ሲፓፕ የሚባል፣ ከአንድ ትልቅ ዳቦ የማይበልጥ መሣሪያ ነው። በቱቦና በአፍንጫ ጭንብል በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ያደርጋል። ጎሚስታው ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ።

«እኔ ራሴ ጎማ ነኝ በሉኛ፣ ሲስተር!» አላት ነርሷን። «ግፊቴ ስንት ነው?»

ዐሥር ነው ተባለ። ዐሥር ምን? ዐሥር ሴንቲሜትር ውሃ፤ ማለትም ውሃን በቀጭን ቱቦ ውስጥ ግማሽ ስንዝር ብቻ ከፍ የሚያደርግ ጉልበት። የከባድ መኪና ጎማ ግፊት ግን ያንኑ ውሃ ሰባ ሜትር ያህል ሽቅብ ይሰደዋል። ሰው ሳይታፈን እንዲያድር የሚያደርገው ግፊት የጎማ መለኪያን መርፌ እንኳ ንቅንቅ አያደርጋትም። ጎሚስታው ሱቅ ወስዶ ሞክሮታል፤ ንቅንቅ አላለችም።

የመጀመሪያው ሳምንት አልሰመረለትም። የመሣሪያው ስክሪን በየጠዋቱ «አየር ያፈሳል» ይለዋል። ማሰሪያውን አጠበቀ፤ ባሰበት። የበለጠ አጠበቀ፤ ጉንጩ ላይ ሰንበር ወጣ።

«ከማን ጋር ስትደባደብ አደርክ?» አለችው ሚስቱ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሱቅ የሚያደርገውን ቤቱ አደረገ። ሶፋ ላይ ተጋድሞ ጭንብሉን አጠለቀ፤ መሣሪያውን አስነሥቶ ለሚስቱ የሳሙና ውሃና ብሩሽ ሰጣት።

«አንተ ሰውዬ፣ ልላጭህ ነው ወይስ ልጠግንህ?»

«ዝም ብለሽ ቀቢ! አረፋው የት እንደሚነሣ ብቻ ንገሪኝ።»

ከጭንብሉ ፊት ለፊት፣ ከተደረደሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አረፋው እንደ ወተት ገነፈለ። «ያዝኩት!» ብሎ ብድግ አለ። ልጥፊያ ቆርጦ፣ ማስቲሽ ቀብቶ፣ ቀዳዳዎቹን ድፍን አደረጋቸው። እጁ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ እጅ ነውና ልጥፊያው እንከን አልነበረውም። ለሙከራ ጋደም ሲል ግን፣ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ትንፋሹ ከበደው፤ ራሱን ወጋው። አውልቆ ወረወረው።

በማግሥቱ ነርሷ ልጥፊያውን አየች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን ኮስተር አደረገች።

«ጋሼ፣ ወደ ውጭ የሚተነፍሱት አየር በየት ይውጣ? ይህ እኮ የጭስ ማውጫዎ ነው! ሁለተኛ እንዳይነኩት።»

«ማፍሰሱስ ታዲያ?»

ሌላ ጭንብል አጠለቀችለትና ማሰሪያውን አላላችው። የጭንብሉ ጠርዝ ስስና ለስላሳ ነው፤ በሚመጣው አየር ራሱ ተነፍቶ ቆዳን እቅፍ ያደርጋል። ሲጨፈለቅ ይጨማደዳል፤ አየሩም በጭምድዱ ሾልኮ ይወጣል። ጎሚስታው አፉን ከፍቶ ሰማት። በጠበቀ ቁጥር የሚያፈስ ነገር በዕድሜው አላየም!

ጢሙም ጠርዙን ከፍ ያደርገው ኖሮ፣ ቤቱ ሲገባ ተላጨ።

«ለእኔ እንቢ ያለውን ጢም ለማሽን ተላጨው!» አለች ሚስቱ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ለጎረቤት ሁሉ አወራችው።

የትንፋሹ መቋረጥ ከአርባ አንድ ወደ አምስት ወረደ። ወንድሙም የትናንሽ መኪኖችን ጎማ ፈቀደለት። የከባድ መኪናውን ግን ገና ነው፤ «አንድ ወር ሙሉ ሳያፈስ ይደርና እንነጋገራለን» ብሎታል። እስካሁን የተቆጠረለት ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም በጎኑ ሲዞር ትራሱ ጭንብሉን ይገፋዋል፤ ማፍሰሱ ይመለሳል፤ ቆጠራውም እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

ስለዚህ አሁን ከአሮጌ የመኪና ወንበር ስፖንጅ ለጭንብሉ ቦታ የሚተው ትራስ እየቆረጠ ነው። የመጀመሪያውን አብዝቶ ስለቦረቦረው ጉንጩ ጭምር ሰጠመበት። ሁለተኛው ደግሞ ልፍስፍስ አለ። ለሦስተኛው፣ ጭንብሉን አጥልቆ ሱቁ ውስጥ የሥራ ጠረጴዛው ላይ በጎኑ ተጋድሟል፤ ወንድሙ ጎንበስ ብሎ የጭንብሉን ዙሪያ ስፖንጁ ላይ በጠመኔ ያሰምራል።

«አትነቃነቅ፣ ወንድም ጋሼ። እንዳትተኛብኝም ደግሞ!»