ከሊቀመንበሩ ራስ በላይ የሚቀመጠው ማን ነው?

የማመላለሻ ማኅበራችን ዋና መሥሪያ ቤት ይሠራ የተባለ ጊዜ እኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ። ከአዲስ አበባ የንድፍ ሥራ ተምሬ ወደ ጎንደር መመለሴ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ስላደግሁ ጣሊያንኛውም ከአፌ አልጠፋም። ማኅበሩ በአንድ ሰው ሁለት ሠራተኛ አገኘ፤ ቀን ንድፍ እሥላለሁ፣ ስብሰባ ሲኖር አስተረጉማለሁ።

መሐንዲሱ ከጦርነቱ በኋላ ጎንደርን ወድዶ የቀረ ሽማግሌ ጣሊያን ነው። ቀጭን፣ ቁጡ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ እርሳስ ሲፈልግ የሚውል ሰው። ሊቀመንበራችን ደግሞ አምባ ጊዮርጊስ ተወልደው፣ ዕድሜያቸውን በበቅሎ ሲነግዱ ኖረው፣ በስተርጅና በቅሎዎቹን ሸጠው የመጀመሪያዋን አውቶቡሳችንን ያስገቡ አዛውንት ናቸው። ትልቅ ትንሹ «አያ» ነው የሚላቸው።

«ዘመናዊ ይሁን» ብለው አዘዙ አያ። «እንደ አዲስ አበባው። መስታወቱ የበዛ፣ ባለ ሦስት ደርብ።»

ሁለት ወር ሠራን። መሐንዲሱ ከካርቶን ትንሽዬ ሕንፃ አበጀ፤ መስኮቶቹን እኔ ሥዬ ቆረጥኋቸው። በስብሰባው ቀን ጠረጴዛ ላይ ስናስቀምጠው አባላቱ ሁሉ ተነሥተው ከበቡት። አያ ሁለት ጊዜ ዞሩት።

«ሸጋ ነው» አሉ። «የእኔ ክፍል የትኛው ነው?»

መሐንዲሱ በኩራት ሦስተኛውን ደርብ፣ ትልቁን መስኮት አሳየ። አያ ጉልበታቸውን በከዘራ መታ መታ አደረጉ።

«ይኸን ጉልበት አይተኸዋል? ደጀ ሰላም ተቀምጬ ነው የማስቀድስ። ይኸ ሁሉ ደረጃ በምን ይወጣል?»

ተረጎምሁ። መሐንዲሱ አልከበደውም። «ምድር ቤት እናድርግዎ» አለ።

«ታዲያ ከላይ ማን ሊቀመጥ ነው?»

«ጸሐፊዎቹ።»

«ምነው! ጸሐፊ አናቴ ላይ እግሩን ዘርግቶ ሊጽፍ?»

መሐንዲሱ ፊቱ ቀላ። በመካከል ሲሚንቶ እንዳለ፣ ፌሮ እንዳለ አስረዳ። አያ ፍንክች አላሉም። በመጨረሻ በጣሊያንኛ፣ «እኔ እኮ ከበቅሎ ጋር ነው የምከራከረው!» አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«በቅሎ ሲነዳ የኖረ ሰው መንገዱን ያውቃል ይላል» አልሁ።

አያ ደስ አላቸው። «እውነቱን ነው» አሉና እጃቸውን ዘረጉለት። እሱም የተስማሙ መስሎት ጨበጠ። ስምምነት ግን አልነበረም። አንዱ አባል ፎቁ እንዲቀር ቢያሳስብ አያ ተቆጡ፤ «ዘመናዊ መሬት ለመሬት ይሳባል?» አሉት።

ያን ጊዜ ነው እኔ ብልህ ነኝ ብዬ የተነሣሁት።

«አያ፣ ከላይ መዝገብ ይቀመጥ። ወረቀት እግር የለው፣ አይረግጥዎ።»

አጨበጨቡልኝ። ሕንፃውም በዚሁ ተሠራ።

በተገባ በመጀመሪያው ጠዋት ስሕተቴ ገባኝ። ወረቀቱ እግር ባይኖረውም ወረቀት አምጪው አለው። አምጪዎቹ ሠላሳ ጊዜ ይወጣሉ፣ ሠላሳ ጊዜ ይወርዳሉ፤ የጫማቸው ድምፅ አያ ክፍል ውስጥ እንደ ከበሮ ይሰማል። ሦስት ሰዓት ሳይሆን «ማነው አናቴ ላይ የሚጨፍር?» የሚል መልእክት መጣ። ከዚያ ወዲያ ጫማችንን ደረጃው ሥር እያወለቅን በካልሲ እንወጣ ጀመር። አንድ ቀን ከአስመራ የመጣ የመለዋወጫ ነጋዴ የተደረደረውን ጫማ ሲያይ የራሱንም አወለቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የማን ታቦት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ወሬው መሐንዲሱ ጆሮ ደረሰ። በነጋታው ተቆጥቶ መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ ሦስተኛው ደርብ ድረስ እየረገጠ ወጥቶ ወረደ። ከዚያ አራት ጫኝ አውራጆች ጠርቶ አያ ክፍል ገባ፤ እኔም ተከተልሁ።

«ከነወንበራቸው አንሡልኝ!» አለ። ይኸን እንኳ ያለ አስተርጓሚ፣ በራሱ አማርኛ ነው።

አያ እስከ ሁለተኛው ደርብ ድረስ ተራገሙ። «አውርዱኝ! ገና ሳልሞት በሸክም!» ከዘራቸው የአንዱን ጫኝ ጆሮ ሊልጥ ምንም አልቀረው። እኔ ከኋላ ሆኜ ወንበሩን እየደገፍሁ ከሥራ የምባረርበትን ቀን አስብ ነበር። ሦስተኛው ደርብ ላይ መዝገቡን ገፋ ገፋ አድርገን ከትልቁ መስኮት ፊት አስቀመጥናቸው።

አንገታቸውን አስግገው ወደ ውጭ አዩ። ከታች ከአዘዞ የሚመጣው መንገድ እስከ ኩርባው ድረስ ይታያል። አንዲት አውቶቡስ አቧራ እያስነሣች ብቅ አለች።

«ያች የእኛ አይደለችም?»

«ናት፣ አያ።»

«ጣራዋ ላይ ያለ ምንድን ነው? በግ ነው?»

መሐንዲሱ መነጽሩን አስተካክሎ አየ። «ሰው ነው» አለ።

«ሹፌሩ ትርፍ ሰው አልጫንሁም ብሎ ትናንት በማርያም ምሎልኛል!» ወንበራቸውን ወደ መስታወቱ አስጠጉ። ምሳቸውን እዚያው አስመጡ። ማታ ላይ ሊያወርዷቸው የመጡትን ጫኝ አውራጆች «ቆዩ፣ አንዲት ትቀራለች» እያሉ ሁለት ጊዜ መለሷቸው። ሰኞ ጠዋት መዝገቡ ሁሉ ወደ ምድር ቤት ወረደ፤ አያም በየጠዋቱ በአራት ሰው እየተያዙ ይወጡ ጀመር።

ሹፌሮቹ ግን ብልጦች ናቸው። ሳምንት ሳይሞላ ትርፉን ሰው ከኩርባው ወዲያ ማራገፍ ተማሩ። በእግሩ አቧራ ለብሶ ከተማ የሚገባው መንገደኛ ሹፌሩን አይደለም የሚረግም፣ መስኮቱን ነው። መስኮቱን የሣልሁት እኔ መሆኔን ለማንም አልተናገርሁም።