የቨርኔታ መላሽ

ሚስቴ ቨርኔታ መላሽ ከሌላት መናገር አትችልም። ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ስታበስል ድምፅዋን የሰማ የለም፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከቆመች ግን ጉድ ነው! አንድ ነገር ትልና ዝም ትላለች። ሰዉ «እውነት ነው!» ሲላት እሱን ይዛ ትቀጥላለች። እናቷም አያቷም እንዲሁ ነበሩ።

የከተማችን ምክር ቤት የድሮውን የጡብ ፋብሪካ መሬት እዚያ በባርነት ለለፉት ጥቁሮች ዘሮች ይመልስ አይመልስ ሊወስን ሲል፣ እንድትናገርልን እሷን መረጥን። ሦስት ደቂቃ ሰጧት። ከአባላቱ ልባቸው ያልቆረጠው ወይዘሮ ፕሩይት ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውን ማሳመን አለባት።

እኔ ግን ፈራሁ። ምን አባቴ ላድርግ! የከተማውን ቆሻሻ መኪና እነዳለሁ፤ ለጡረታዬ ስምንት ወር ነው የቀረኝ። የዚያን ዕለት ጠዋት አለቃዬ «ኤዘል፣ ሚስትህ ዛሬ ትናገራለች አሉ?» አለኝና ሳቀ። አጎቴ ለምርጫ ሊመዘገብ በሄደ በሳምንቱ «ጥቁር አይመርጥም» ያሉ ነጮች ቤቱን ሲያነዱበት በልጅነቴ ያየሁ ሰው ነኝ።

«ተይው በናትሽ» አልኳት።

«ሩጣ! ለፈሪ ሜዳ አይነሱም» አለችና ባርኔጣዋን አጠለቀች። ቆየት ብላ ግን «ከኋላ ተቀመጥና መልስልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግብህም» አለችኝ።

ስብሰባው ሲከፈት የምክር ቤቱ ሰብሳቢ «ከታዳሚው ድምፅ ያሰማ ይወጣል» ብሎ አስጠነቀቀ። ፖሊስ በሩ ላይ ቆሟል።

«'እኔ ባሪያ አልገዛሁም' ትላላችሁ» ብላ ጀመረች። «አባታችሁ ቤቱን ሲያወርሳችሁስ፣ 'እኔ አልሠራሁትም' ብላችሁ መለሳችሁለት?» ዝም አለች። ሰዓቱ ይቆጥራል።

«እውነት ነው!» አሉ የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ሮስኮ። ፖሊሱ ክንዳቸውን ይዞ አስወጣቸው።

«በዚያው ፋብሪካ ጡብ የተሠራውን ይህን ግድግዳ ዳብሱት። ጡቡ ሳይደርቅ የተሸከሙት ሕፃናት የጣት ምልክት አለበት።» ደግሞ ዝም።

መዘምራኑ ባንድ አፍ «ተናገሪ!» አሉ። እነሱም ተባረሩ። ወይዘሮ ፕሩይት እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው ግድግዳውን አዩ። ከኛ ወገን እኔ ብቻ ቀረሁ።

«ወይዘሮ ፕሩይት፣ የልጅ ልጅ አለዎት። ጣቶቹን ያውቋቸዋል» አለችና ዝም ብላ እኔን አየችኝ።

ፖሊሱም አየኝ፤ ስሜንም ቤቴንም ያውቃል። የአለቃዬ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ሁለት ቃል እኮ ነው! አርባ ሰከንድ ቀረ፤ ከዚያ ሃያ። የሚቀጥለው ቃል ጠፋት። እግዜር ይይልኝ፣ አፌ አልተከፈተም። ደወሉ ጮኸ።

በአንድ ድምፅ ብልጫ ተሸነፍን፤ ያም የወይዘሮ ፕሩይት ድምፅ ነበር።

ጡረታዬ በጊዜው ወጣልኝ። እሑድ እሑድ ቨርኔታ ስትቆም ከሁሉ ቀድሜ ልመልስላት አፌን ከፍቼ እጠብቃለሁ። እሷ ግን አሁን ሳታቋርጥ ተናግራ ትቀመጣለች።